የእማዬ እቁብ በኮድ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማዬ ከእቁብ ስትመለስ እልልታዋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። ዕጣ ወጥቶላታል። አባላቱ 24 ናቸው፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር ይጥላሉ፤ በአምስተኛው ሳምንት የእሷ ስም ተነሳ። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ 24,000 ብሩን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ቆርቆሮ ልትቀይርበት ነበር።

«ቆይ እማ፣ መጀመሪያ ትንሽ እናራባው» ያልኳት እኔ ነኝ።

ስልኬ ላይ አንድ አፕ ነበር። እኔን ያስገባችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷን ደሞ ሌላ ሰው። በቀን 3 ከመቶ ይከፍላል። እንዴት? ሲባል መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ብሎክቼን። እማዬ «እሱ ደሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው በቃ፤ ማንም ሊሰርቀው አይችልም» አልኳት። ያንን መልስ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን ያቃጥለኛል።

እኔ እኮ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ፤ አምስት ብር ስትጎድል እስከ ማታ የምፈልግ ሰው ነኝ። በቀን 3 ከመቶ፣ ትርፉ በዋናው ላይ እየተደመረ ቢሄድ፣ 1,000 ብር በዓመቱ ከ48 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን ለማስላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አላሰላሁትም። ማመን ስንፈልግ ካልኩሌተር አናወጣም።

በ11ኛው ቀን አፑ አልከፍት አለ። የቴሌግራም ግሩፑ ጠፋ። ባልደረባዬ ቢሮ ውስጥ ዓይኔን ማየት ተወች፤ እሷም ተበልታለች።

እቁብ ደሞ ደረሰኝ ተብሎ አይቆምም። ገና 19 እሁድ ይቀር ነበር። እማዬ አልጮኸችም። «ጤና ይስጠን» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቀሪውን እኔ እከፍላለሁ አልኳት፤ ከ9,000 ብር ደሞዝ ላይ በወር 4,000። ክረምቱ ገባ። ሌሊት ሌሊት ጠብታው ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ሲል እሰማለሁ። እማዬም እንደምትሰማው አውቃለሁ።

ብሎክቼን ፕሮግራሚንግ መማር የጀመርኩት በዚያ ክረምት ነው። ሀብታም ልሁን ብዬ አልነበረም። ለእናቴ የነገርኳት ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

*

የመጀመሪያው ወር ባከነ። ዩቲዩብ ላይ «ብሎክቼን ለጀማሪዎች» ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ ሁሉ ዋጋ ነው፤ የቱ ሳንቲም ይወጣል፣ የቱ ይወርዳል። አፉን ከፍቶ በጣቱ ቀስት የሚያሳይ ሰው ፎቶ። ፓኬጄን ጨርሼ ያወቅኩት ነገር አልነበረም። ኮድ የሚያስተምሩት ደግሞ ጃቫስክሪፕት እንደምችል፣ ተርሚናል ምን እንደሆነ እንደማውቅ አድርገው ይጀምራሉ። እኔ ከኤክሴል ውጪ ምንም አላውቅም።

መንገዱ የተከፈተልኝ በአንድ ትንሽ ነገር ነው። ሃሽ ይባላል። የፈለጋችሁትን ጽሑፍ፣ አንድ ቃልም ይሁን ሙሉ መጽሐፍ፣ ስትሰጡት ቁመቱ ሁሌም እኩል የሆነ አሻራ የሚመልስ ስሌት ነው። ቢትኮይን የሚጠቀምበት ሻ-256 የሚባለው ሲጻፍ 64 ቁጥርና ፊደል ይሆናል። ፓይተን ላይ ሦስት መስመር ኮድ ነው። «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ፤ አንድ ረጅም አሻራ መጣ። ደግሜ «ሰላም» አልኩት፤ ያው መጣ። ከዚያ በንጉሡ «ሠ» ጽፌ «ሠላም» አልኩት። ሙሉ በሙሉ ሌላ አሻራ። አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና እንኳን የለውም።

ለእማዬ ጆሮ ሁለቱም ሰላም ናቸው። ማሽኑ ግን ከሀሳቡ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። ያን ሌሊት ሃሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ እየቀያየርኩ ስጫወት አመሸሁ። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ነገር ነበር።

ሰንሰለቱ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። መደብራችን ውስጥ የሒሳብ መዝገብ ገጽ ሲያልቅ ድምሩን ወደሚቀጥለው ገጽ አናት እናዞራለን። ብሎክቼንም ገጽ አለው፤ ብሎክ ይለዋል። እያንዳንዱ ገጽ አናቱ ላይ የሚጽፈው የቀደመውን ገጽ አሻራ ነው። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ 12ኛው ገጽ ላይ አንዲት ቁጥር ቢነካ የ12ኛው አሻራ ይለወጣል፤ 13ኛው ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም፤ 14ኛውም፣ 15ኛውም እየተናደ ይመጣል። በዚያ ላይ የመዝገቡ ቅጂ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ አለ። ጓዳ ገብቶ ገጽ ቀዶ መውጣት አይቻልም።

ታሪኩንም አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም አንድ ሰው፣ ወይም ሰዎች፣ ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ አወጡ። ጥር 3 ቀን 2009 የመጀመሪያው የቢትኮይን ብሎክ ተፈጠረ። በ2013 ቪታሊክ ቡተሪን የሚባል የ19 ዓመት ልጅ መዝገቡ ላይ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራምም ቢቀመጥስ ብሎ አሰበ፤ ኢቴሪየም በሐምሌ 2015 ሥራ ጀመረ። እነዚህ ፕሮግራሞች ስማርት ኮንትራት ይባላሉ። ስሙ አያስፈራችሁ። ትንሽ ኮድ ናት፤ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» ትላለች፤ መዝገቡ ላይ ከተቀመጠች በኋላ የጻፋትም ሰው እንደፈለገ ሊያርማት አይችልም።

የኔ አፕ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልነበረውም። አንድ ሰው ቤት ያለ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ነበር። ስክሪኔ ላይ ያድግ የነበረው ትርፍ የትም መዝገብ ላይ አልነበረም።

*

ኢቴሪየም ላይ የሚጻፍበት ቋንቋ ሶሊዲቲ ይባላል። ክሪፕቶዞምቢስ የሚባል ነፃ ትምህርት አለ፤ የዞምቢ ጨዋታ እየሠራችሁ ትማራላችሁ። ከሥራ ስመለስ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ማታ ዞምቢ እሠራ ነበር። እማዬ አንድ ቀን ስክሪኑን አይታ አማተበች።

ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኮዱን መጀመሪያ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የሚያስቀው፣ በዚያው ሰሞን የአገራችንን ኤሌክትሪክ እየገዙ ቢትኮይን የሚያመርቱ ኩባንያዎች እንዳሉ ዜና ላይ እሰማለሁ። እነሱ እያመረቱ፣ እኔ በሻማ እያጠናሁ።

ለጀማሪ ደስ የሚለው ሪሚክስ የሚባለው ነው፤ ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ውስጡ የመለማመጃ አካውንቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 100 የውሸት ኢተር ይዘው ይጠብቋችኋል። ከዚያ ከፍ ስትሉ ሴፖሊያ የሚባል የሙከራ ኔትወርክ አለ። እዚያ የሚሠራበትን ዋጋ የሌለው ኢተር «ፎሴት» ከሚባሉ ድረ ገጾች ትቀዳላችሁ፤ ቧንቧ ማለት ነው። አንዳንዱ ቧንቧ ነፃ ጠብታ ከመስጠቱ በፊት «እውነተኛ ኢተር እንዳለሽ አሳዪኝ» ይላል። እኛ ሰፈር ውሃ በተራ ስለሆነ ብዙም አልገረመኝም።

በእውነተኛ ገንዘብ አንድም ነገር አልሠራሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት እዚህ አገር እንዳልተፈቀደ አስታውቆ ነበር። እሱ ባይኖርም ከእንግዲህ እኔን ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምንም ነበር።

ስህተቶቼን ብቆጥራቸው አያልቁም። ሴሚኮለን። የተረሳ ቅንፍ። ሶሊዲቲ ላይ ነጥብ ያለው ቁጥር የለም፤ አንድ ኢተር ወደ ትንንሽ «ዌይ» ይመነዘራል፤ 1 ብላችሁ 18 ዜሮ ትደረድራላችሁ። አንድ ጊዜ ሦስት ዜሮ ረስቼ ሁለት ቀን ፈለግኩ። ዋሌት ስትከፍቱ ደሞ 12 ቃላት ይሰጣችኋል፤ ከ2,048 ቃላት ዝርዝር የተመረጡ። እነሱ ከጠፉ ዋሌቱ ጠፋ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በሌሎችም ጥቂት ቋንቋዎች አለ። በአማርኛ የለም። እማዬ ዋሌት ቢኖራት የማታነባቸውን 12 ቃላት በወረቀት ጠቅልላ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር ማለት ነው።

በአራተኛው ወር ዞምቢ ሰለቸኝ። የራሴን ነገር ልሥራ አልኩ። ከጥርስ ሕክምና ቀጠሮ እስከ ሙዚቃ መሸጫ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው ቤት ውስጥ ያለ ነገር መረጥኩ። የእማዬን እቁብ።

*

ቀላል መስሎኝ ነበር። 24 አድራሻ፣ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ይወስዳል። (የኮዱ ስሞች በላቲን ፊደል ብቻ ስለሚጻፉ «እቁብ»ን በኬ ልጻፈው በኪው ብዬ ግማሽ ሰዓት አጥፍቻለሁ።) በሁለት ሳምንት የሚሠራ የሚመስል ነገር ወጣ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ስለሆነው ነገር አነበብኩ። «ዘ ዳኦ» የሚባል ትልቅ ስማርት ኮንትራት ነበር፤ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ተመነተፈበት። ቁልፍ የሰበረ ሰው የለም። ኮዱ መጀመሪያ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ከዚያ ነው መዝገቡ ላይ «ወስዷል» ብሎ የሚጽፈው። በእቁብ ቋንቋ እንበለው፦ ጸሐፊው ብሩን እያቀበለ ገና እስክሪብቶ ሳያነሳ ተቀባዩ «የኔስ?» ይለዋል። ደብተሩ ገና አልወሰደም ነው የሚለው። ደግሞ ይሰጠዋል። እንደገና «የኔስ?» ካዝናው እስኪደርቅ።

የራሴን ኮድ ከፍቼ አየሁ። ቅደም ተከተሉ ያው ነበር። አንዲት መስመር ከሁለት መስመር በላይ አወጣሁና አስተካከልኩት። ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ማንም ሊሰርቀው አይችልም» ብዬ እንደገና ልናገር ነበር እኮ።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። ስማርት ኮንትራት በራሱ አይነቃም። እሁድ ደረሰ ብሎ የሚነሳ ነገር የለም፤ የግድ አንድ ሰው ገብቶ መጫን አለበት፣ ለመጫኑም ጋዝ የሚባል ክፍያ አለ። የእማዬ እቁብ ሰብሳቢ ቅዳሜ ማታ 24 ሰው ጋ ይደውላሉ። ይህንን ሥራ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ዕጣው ራሱ። እማዬ ቤት 24 ቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ የጎረቤት የአራት ዓመት ሕፃን ዓይኗን ጨፍና አንዱን ታነሳለች። ብሎክቼን ላይ ዓይን የሚጨፍን የለም። ሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት መልስ ላይ መድረስ ስላለበት ሁሉም ነገር ይታያል፣ ሁሉም ነገር ይሰላል። እኔ ዕጣውን ያወጣሁት ከብሎኩ ሰዓት ላይ ነበር። ያንን ደግሞ ዕጣውን የሚጭነው ሰው አስቀድሞ አስልቶ፣ ለራሱ የሚወጣበትን ቅጽበት ጠብቆ መጫን ይችላል። ራሴ ሰባተኛ አባል ሆኜ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ተከታትዬ ዕጣ «ወጣልኝ»።

መፍትሔ አለው። ሁሉም ሰው በልቡ አንድ ቁጥር ይይዛል፤ መጀመሪያ አሻራውን ብቻ ያስገባል፤ ሁሉም ካስገባ በኋላ ቁጥሩ ይገለጣል፣ ይደመራል፣ ዕጣው ከድምሩ ይወጣል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሠራ። መጨረሻ ላይ የሚገልጠው ሰው ውጤቱን አስልቶ «አልገልጥም» ቢልስ? ለእሱም ቅጣት ጻፍኩ። አንዲትን የአራት ዓመት ልጅ ለመተካት ወደ 140 መስመር ኮድ።

*

ለእማዬ ያሳየኋት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ምስር እየለቀመች። ላፕቶፑን ሰፌዱ አጠገብ አስቀምጬ አስረዳኋት። ደብተሩን ማንም አይሰርዘውም። ሰብሳቢው ብር ይዞ አይጠፋም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ያያል። አቋርጣኝ አታውቅም፤ አዳምጣ ጨረሰች።

«ሰው ሐዘን ቢገባበትስ?» አለች።

አልገባኝም። አምና የሆነውን አስታወሰችኝ። አንዷ አባል ባሏ በሞተ ሳምንት ዕጣው ለሌላ ሴት ወጣ። ሴትየዋ ብሩን ተቀብላ ሳትቆጥረው «ለእሷ ይሁን፣ እኔ በእሷ ተራ እወስዳለሁ» አለች። ማንም አልተከራከረም።

«ኮዱ አይችልም» አልኳት። «ተራ መለዋወጥ ጨምሬ ልጽፍ እችላለሁ ግን...»

«እሺ። ደርሶት ከወሰደ በኋላ አልከፍልም ቢልስ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ምክንያቱም መልሱን ከሁለት ሳምንት ጀምሮ አውቀው ነበር፣ ላለማየት ስሸሸው ነው የከረምኩት። ኮንትራቱ የሰው ዋሌት ውስጥ ገብቶ ያልተፈቀደለትን ገንዘብ መውሰድ አይችልም። በአምስተኛው ሳምንት 24 ሺህ ወስዶ የሚጠፋ ሰው ቢኖር ኮዱ የሚያደርገው «አልከፈለም» ብሎ ለዘላለም መጻፍ ነው። ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲገባ ሙሉውን መያዣ ያስይዝ።

«ማለት ስንት?»

«24 ሺህ።»

እማዬ ምስሯን አቁማ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ 24 ሺህ ቢኖረኝ እቁብ ምን ይሠራልኛል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ክረምት በኋላ በገንዘብ ጉዳይ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። እኔ ግን ሳቁ መሀል ሌላ ነገር መጣብኝ። እማዬ ብሩን ስትቀበል ዋስ የፈረሙላት ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረተኛ ሰው ናቸው። እኔ ያጠፋሁትን ገንዘብ 19 እሁድ ሙሉ የከፈልነው የማይሰረዝ መዝገብ አስገድዶን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ሰውዬ ዓይን ማየት ስለነበረብን ነው። እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን እንኳን «ከፈላችሁ ወይ?» ብለው አልጠየቁም።

እና ስድስት ወር የተማርኩት ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ሰብሳቢው ደብተር ይዞ የጠፋበት እቁብ ስንት አለ፤ ያን ኮዱ በእውነት ይከለክላል። ለማይተዋወቁ፣ በተለያየ አገር ላሉ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ሰው «በዚህ ቴክኖሎጂ ማንንም ማመን አያስፈልግም» ሲል ዛሬ የምጠይቀው አለኝ፦ ኮዱን የጻፈውስ? ዕጣውን የሚጭነውስ? ከወሰደ በኋላ የሚጠፋውስ? እምነቱ የሆነ ቦታ ይቀመጣል። የት እንደተቀመጠ ማየት መቻል ነው የተማርኩት።

*

ባለፈው ወር ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ሊንክ ላከችልኝ። «በብሎክቼን ነው፣ በቀን 2 ከመቶ፣ አንቺ ተምረሻል አሉኝ፣ ልግባ?»

የኮንትራቱን አድራሻ ጠይቂያቸው አልኳት። እውነተኛ ኮንትራት ከሆነ አድራሻ አለው፤ አድራሻ ካለው ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል። ጠየቀቻቸው። «ሚስጥር ነው» አሏት። ከዚያ ካልኩሌተር አውጥተን በስልክ አብረን አሰላን፤ 365 ቀን። ቁጥሩን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ግማሹን አስገብቼ ነበር» አለች በመጨረሻ። የሦስት ወር ደሞዟን። ያን ማዳን አልቻልኩም። ሌላውን ግማሽ ግን አላስገባችም።

ለመጀመር ለምታስቡ የምለው ትንሽ ነው። ከዋጋ አትጀምሩ፣ ከሃሽ ጀምሩ። እውነተኛ ገንዘብ አትንኩ፤ የውሸቱ ይበቃል። የሌላ ሰው ዞምቢ ሲሰለቻችሁ በእጃችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ኮድ ለሚያውቅ ሰው ብቻ አታሳዩ፤ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

እቁቤ አሁንም ሴፖሊያ ላይ አለ። 24ቱም አባላት እኔ ነኝ። የእማዬ አዲስ እቁብ ደሞ በመስከረም ተጀመረ። ዘንድሮ ጸሐፊው ዓይናቸው ስለደከመ ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ምልክቱን አደርጋለሁ፣ ከዚያ ብሩን እሰጣለሁ። ሴቶቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ጣሪያው ገና አልተቀየረም፤ ስሟ እስኪወጣ እየጠበቅን ነው።